የልጄ አከርካሪ ለምን ተጣመመ? ስለ ስኮሊዮሲስና ስለ አጥንቱ ቅርጽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ጀርባቸው የተጣመመ ልጆች ከከሚሴም፣ ከኩታበርም፣ ከሐይቅም፣ ከመርሳም ይመጣሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው። ወላጆች ራጁን በፌስታል ጠቅልለው ይይዙና ገና ሳይቀመጡ «ስንት ዲግሪ ነው?» ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው። ግን ከእሱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላ አለ፦ «አጥንቶቹ ምን ዓይነት ቅርጽ አላቸው?» ሁለት ልጆች እኩል 35 ዲግሪ ተጣመው አንዷ በድጋፍ ብቻ ልትረዳ ትችላለች፣ ሌላው ደግሞ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ልዩነቱን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ቅርጽ ነው። ቡና ላይም የክሊኒክ በር ላይም የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

ስኮሊዮሲስ ማለት ጎባጣነት ነው?

አይደለም። ጎባጣነት ወደ ፊት መታጠፍ ነው። ስኮሊዮሲስ ወደ ጎን መጣመም ነው።

አከርካሪያችን ተደራርበው የቆሙ አንጓዎች ናቸው። አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 አሉ። በየመካከላቸው ዲስክ የሚባል ለስላሳ ትራስ አለ። ከኋላ ሆነን ስናየው ቀጥ ማለት አለበት። ከጎን ስናየው ግን በተፈጥሮው ወጣ ገባ ይላል፣ ያ ጤነኛ ነው።

ስኮሊዮሲስ ሲኖር አንጓዎቹ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ዙሪያም ይዞራሉ። ጎድን አጥንት ከእነሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ይዞርና በአንድ ወገን ጀርባ ላይ እብጠት መስሎ ይወጣል። ብዙ ሰው «ጎበጠች» የሚለው ይሄን አይቶ ነው። መጠኑ የሚለካው ኮብ በተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ዘዴ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1948 ላይ ነው ያስተዋወቀው። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ስኮሊዮሲስ አይባልም። ስለዚህ ራጅ ላይ 6 ዲግሪ አይታችሁ እንቅልፍ አትጡ፣ አብሽሩ።

አጥንቱ ራሱ ነው የተበላሸው ወይስ ደህና አጥንት ነው የተጣመመው?

ጠቅላላ ነገሩ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። መልሱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

የአገራችንን የድንጋይ ካብ አስቡት። ግንበኛው ከታች አንድ ሽብልቅ የመሰለ ድንጋይ ካስገባ፣ በላዩ የቱንም ያህል ጥሩ ድንጋይ ቢደረድር ካቡ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ አይቀርም። ጥፋቱ ከመሠረቱ፣ ከድንጋዩ ቅርጽ ነው። ከውልደት ጀምሮ ያለው መጣመም እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ገና ያልደረቀ የጭቃ ጡብ አስቡ። ሁሉም እኩል ሆኖ ነው የተሠራው። ግን ሳይደርቅ ተደራርቦ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ከበዛ በዚያ በኩል ይጨፈለቃል፣ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ ይቀራል። ጡቡ ሽብልቅ የሆነው ተጣሞ ስለቆመ ነው። በአፍላ ዕድሜ ላይ የሚመጣው፣ ምክንያቱ በውል ያልታወቀው ዓይነት ወደዚህ ያደላል።

ሦስተኛው የድንኳን ምሰሶ ነው። ምሰሶው ደህና ነው፣ የሚወጥሩት ገመዶች ግን ላልተዋል፣ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው በርትቶ ይጎትታል። የነርቭና የጡንቻ ችግር ያለባቸው ልጆች መጣመም የሚጀምረው ከገመዱ ነው፣ ከምሰሶው አይደለም።

ከውልደት ጀምሮ ያለው ዓይነት አጥንቱ ምን ይመስላል?

ራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየው ይሄ ነው። አንጓዎቹ የሚቀረጹት በእርግዝናው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ብዙ እናት ማርገዟን እንኳ በቅጡ ያላወቀችበት ጊዜ ማለት ነው። ያኔ ሁለት ዓይነት ስህተት ሊፈጠር ይችላል።

አንደኛው አንጓው ሙሉ ሆኖ አለመሠራቱ ነው። ግማሹ ብቻ ይፈጠራል፣ ሌላው ግማሽ የለም። ግማሽ አንጓ እንለዋለን። ራጁ ላይ በሁለት ጤነኛ አራት ማዕዘኖች መሃል የተሰነቀረ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። አንዳንዴ ግማሹ ጨርሶ አይጠፋም፣ አንዱ ጎን አጥሮ ይቀራል እንጂ። አንዳንዴ ደግሞ መሃሉ ሳይገጥም ይቀርና ግራና ቀኙ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግቶ ይታያል።

ሁለተኛው ስህተት አንጓዎቹ አለመለያየታቸው ነው። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ እንደ አንድ ተጣብቆ ይቀራል። ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ከተጣበቁ ያን ያህል አያሰጋም። በግራም በቀኝም እድገት ስለሚቆም ቁመት ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አያጣምም። አደገኛው በአንድ ጎን ብቻ በአጥንት ድልድይ ሲያያዙ ነው። ድልድይ ያለበት ጎን አያድግም፣ ሌላው ጎን ያድጋል። ልጁ በጨመረ ቁጥር አከርካሪው ይታጠፋል። ከድልድዩ በተቃራኒ ደግሞ ግማሽ አንጓ ካለ ከሁሉም የከፋ ነው፣ በዓመት ከ5 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ትንሽ ይደግ» ብሎ ማቆየት ልክ አይደለም።

በዚህ ዓይነት ስኮሊዮሲስ ችግሩ አንድ ቦታ ላይ የታጨቀ ነው። ከላይና ከታች ያሉት አንጓዎች ብዙ ጊዜ መደበኛ ናቸው፣ ወይም መጣመሙን ለማካካስ ወደ ሌላ ጎን ያዘነብላሉ።

እናቶች «እርጉዝ ሆኜ እንጨት ተሸክሜ ነው?»፣ «ወድቄ ነው?» ብለው ያለቅሳሉ። አይደለም እቴቴ። ሸክሙ ግማሽ አንጓ አይሠራም።

በጉርምስና ላይ የሚመጣውስ? ልጄ እስከ 11 ዓመቷ ቀጥ ያለች ነበረች

ይሄ በብዛት የሚታየው ነው። በዓለም ላይ ከ10 እስከ 16 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100 ውስጥ 2 ወይም 3 ያህሉ ላይ ይገኛል። ቀላሉ በወንድም በሴትም ተቀራራቢ ነው። ከ30 ዲግሪ ያለፈው ግን በጣም የሚበዛው በሴቶች ላይ ነው። የሚፋጠነው ቁመት በሚመዘዝበት ወቅት፣ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ቅርጹ ላይ እንምጣ። እዚህ ግማሽ አንጓ የለም፣ ድልድይም የለም። የአንጓዎቹ ቁጥር ሙሉ ነው። ነገር ግን መጣመሙ ጫፉ የደረሰበት ቦታ ላይ ያሉትን ጥቂት አንጓዎች ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ሽብልቅ ሆነው ታገኛላችሁ። በጎደጎደው ወገን አጥረው፣ በወጣው ወገን ረዝመዋል። ከዚያ ጫፍ እየራቃችሁ ስትሄዱ ሽብልቅነቱ እየቀነሰ ይመጣና አራት ማዕዘኑ ይመለሳል። ከውልደት ካለው የሚለየው አንዱ ይሄ ነው። ያኛው በአንድ አንጓ ላይ በድንገት ይሰበራል፣ ይሄኛው ቀስ እያለ ይጣመማል።

ሌላም ምልክት አለ። ከአንጓው ጀርባ ግራና ቀኝ እንደ እግር የቆሙ ሁለት አጥንቶች አሉ። በጎደጎደው ወገን ያለው ይቀጥናል። ጀርባችንን ስንዳስስ የምናገኘው ሹል ጫፍም ወደ ጎደጎደው ወገን ይዞራል። አንዳንዴ ጀርባዋን ስትዳስሱ መጣመሙ ከእውነቱ ያነሰ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አከርካሪው ከፊት በኩል ከኋላው ይልቅ ይረዝማል። ስለዚህ ብዙዎቹ ልጆች ከጎን ሲታዩ ጀርባቸው ጠፍጣፋ ነው፣ የተፈጥሮ ክቡ የለም። ጎባጣ ከመሆን ይልቅ ደረታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የወጣ ይመስላል። «ቀና ብላ ነው የምትሄደው፣ እንዴት ስኮሊዮሲስ ይኖርባታል?» የምትሉ ይሄን አስታውሱ።

ደረት ላይ ያለው መጣመም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ ከሆነ ሐኪሙ ኤምአርአይ የሚባለውን የውስጥ አካል ምስል ቢያዝ አይግረማችሁ። በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ ማየት ፈልጎ ነው።

ዲስኩ ነው ቀድሞ የሚበላሸው ወይስ አጥንቱ?

ብዙ ጊዜ ዲስኩ ይቀድማል። ለስላሳ ስለሆነ ክብደት ሲያጋድል ቶሎ ሽብልቅ ይሆናል። አጥንቱ ከኋላ ይከተላል። ይሄን የሚያስረዳ የቆየ ሕግ አለ፣ ሁተርና ቮልክማን በሚባሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናውያን ሐኪሞች ስም ይጠራል። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ጫና ሲበዛበት እድገቱ ይዘገያል፣ ጫናው ሲቀልለት ይፈጥናል። ስለዚህ ትንሽ የተጣመመ አከርካሪ በጎደጎደው በኩል ይጫናል፣ እዚያ እድገት ይዘገያል፣ ከዚያ የበለጠ ይጣመማል፣ ጫናውም ይጨምራል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። እድገት እስኪቆም ድረስ ማለት ነው።

ቦታውም ለውጥ አለው። ደረት ላይ የአጥንቱ ሽብልቅነት ጎልቶ ይታያል። ወገብ ላይ ዲስኮቹ ወፍራም ስለሆኑ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። የእሱ አጥንት ከእነዚህ ይለያል?

ሴሬብራል ፓልሲ ማለት አንጎል በልጅነት ተጎድቶ ጡንቻን በቅጡ ማዘዝ ሲያቅተው ነው። የአጥንቱ ነገር ሲጀመር ይለያል። ሲወለድ አንጓዎቹ ጤነኛ ናቸው። ጡንቻው አከርካሪውን አቅንቶ መያዝ ስላቃተው ነው የሚጣመመው። ሴሬብራል ፓልሲ፣ የጡንቻ መሟሸሽ፣ የልጅነት ልምሻ፣ የአከርካሪ ክፍተት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የአከርካሪ ክፍተት ግን በሁለቱም ቤት አለ። የአንጓው የኋላ ቅስት ሳይዘጋ ስለቀረ የአጥንት ስህተትም ነው፣ ነርቩም ስለተጎዳ የጡንቻ ችግርም ነው። ለመውለድ ያሰባችሁ ሴቶች ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ ይሄንን በብዙ ይቀንሳል። ካረገዙ በኋላ በሦስተኛው ወር መጀመር ለዚህ ጉዳይ አይደርስም። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

የእነዚህ ልጆች ኩርባ ረጅም ነው። ከደረት ጀምሮ እስከ ዳሌ የሚወርድ አንድ ትልቅ ቅስት ይሆናል፣ ዳሌውም አብሮ ያዘነብላል። ልጁ ሲቀመጥ በአንድ መቀመጫው ብቻ ይደገፋል፣ በዚያ በኩል ቆዳው ይቆስላል። ኩርባው ረጅም ስለሆነ ሽብልቅነቱ በብዙ አንጓዎች ላይ ይከፋፈላል፣ ጥቂቶች ላይ ብቻ አይከማችም።

ቆሞ ሄዶ የማያውቅ ልጅ አንጓ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ቁመቱ ረዘም፣ ወርዱ ጠበብ ይላል። አጥንት ቅርጹን የሚይዘው ክብደት ሲያርፍበት ነውና ክብደት ያልቀመሰ አንጓ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ልጁን በድጋፍም ቢሆን በየቀኑ አቁሙት የምንላችሁ ለእግሩ ብቻ ብለን አይደለም።

እንዲህ ከሆነ በጉርምስና የሚመጣውና የጡንቻው መጨረሻቸው አንድ ነው?

እኔን በጣም የሚመስጠኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ቀደም ሲል ብዙ ባለሙያ የጉርምስናው ስኮሊዮሲስ መነሻ የፊት አጥንት ከመጠን በላይ መርዘም ነው ብሎ ያስብ ነበር። የሚመስል ነገር ነው፣ ራጁም፣ ከራጅ የበለጠ ዝርዝር የሚያሳየው ሲቲ ስካንም የፊቱን መርዘም ያሳያል። በኋላ ግን ተመራማሪዎች በሲቲ ስካን ሁለቱን ዓይነቶች አነጻጸሩ። የጡንቻ ችግር ያለባቸው ልጆች ላይም የፊቱ መርዘም ተገኘ። የእነሱ መነሻ ጡንቻ መሆኑን ደግሞ እናውቃለን። መርዘሙም በዋናነት ያለው ዲስኮቹ ላይ እንጂ አጥንቱ ላይ አይደለም።

ይሄ ምን ይነግረናል? የፊቱ መርዘም መነሻ ሳይሆን የመጣመሙ ውጤት ነው። ተጣሞ ያደገ አከርካሪ፣ በምንም ይጀምር በምን፣ ወደ ተመሳሳይ ቅርጽ ይሄዳል። ከውልደት ያለው ብቻ ነው ቅርጹ መጀመሪያ ሆኖ መጣመሙ ተከትሎ የሚመጣው።

ይሄ ለወላጅ ጥቅሙ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ጊዜ ነው። ቅርጹ ውጤት ከሆነ፣ አጥንቱ ሽብልቅ ሆኖ ከመድረቁ በፊት ደርሶ ጫናውን ማስተካከል ይቻላል።

ጨቅላ ላይ የታየ መጣመም ሁሉ ከውልደት የመጣ የአጥንት ስህተት ነው?

አይደለም። ከ3 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ አንጓቸው ሙሉ ሆኖ የሚጣመም ዓይነት አለ። በወንዶች ይበዛል፣ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው ይቃናሉ። የማይቃናውን ለመለየት ሐኪሙ ጎድን አጥንቱ ከአንጓው ጋር የሚሠራውን ማዕዘን በግራና በቀኝ ይለካል። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈ የመባባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ልጁ ጨቅላ ነው ብላችሁ ራጁን አትፍሩት።

የአከርካሪ ቲቢም ያጣምማል ይባላል። በምን ይለያል?

እኛ አገር ይሄን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ቲቢ የአንጓውን የፊት ክፍል ይበላል። አንጓው ከፊት ይደረመስና ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ይወጣል፣ እንደ ጉልበት የታጠፈ። ስለዚህ ሽብልቅ ነው፣ ግን ሽብልቁ ወደ ፊት ነው፣ ወደ ጎን አይደለም። በተጨማሪ ከሁለቱ አንጓ መሃል ያለው ዲስክ ይጠፋል፣ ጠርዙም የተበላ ይመስላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1779 ጽፎበታል፣ በስሙም ይጠራል።

ልጁ ሌሊት ጀርባውን ካመመው፣ ካተኮሰው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ከከሳ፣ በተለይ እግሩ ከደከመ አንድ ቀን አታሳድሩት። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ቶሎ ከተጀመረ ብዙ ልጅ ይድናል። የጉርምስናው ስኮሊዮሲስ ግን ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያተኩስም። ለዚህ ነው ማንም ሳያየው የሚያድገው።

ሌላ ወደ ፊት የሚያጎብጥ አለ፣ በዴንማርካዊው ሐኪም ሾየርማን ስም የሚጠራው። ቢያንስ ሦስት ተከታታይ አንጓዎች እያንዳንዳቸው ከፊት 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሽብልቅ ይሆናሉ። ልጁ «ቀና በል» ቢባል ቀና ማለት አይችልም፣ ስንፍና አይደለም። አትቆጡት።

የልጁ ቆዳ ላይ ወተት የተጨመረበት ቡና የመሰሉ ስድስትና ከዚያ በላይ ጠቆር ያሉ ምልክቶች ካሉ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩ። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። አንጓዎቹን ጠርዛቸውን ቦርቡሮ፣ ጎድን አጥንቱንም እንደ እርሳስ አቅጥኖ በፍጥነት ያጣምማል።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው? ጀሪካን መሸከም? አቀማመጥ?

አንዳቸውም ስኮሊዮሲስ አያመጡም። ከባድ ሸክም ጀርባ ያሳምማል፣ ለልጅ ጥሩ አይደለም፣ ግን አንጓ አያጣምምም። ከሰባት ልጆቿ ሁሉም ውኃ የቀዱላት እናት አንዷ ብቻ ተጣማ «ወላሂ እኔ ነኝ ያጠፋኋት» ስትለኝ አንጀቴ ተላውሷል። እሷ አላጠፋችም። ዓይንም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም።

ወጌሻ ጋ ብንወስዳትስ?

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፣ ወለምታ ላይ እጃቸው ጥሩ ነው። አከርካሪ ላይ ግን አይሆንም። ግማሽ አንጓ በእሽት ሙሉ አይሆንም። ሽብልቅ የሆነም በመጫን አራት ማዕዘን አይሆንም። ቲቢ ከሆነ ደግሞ የተበላ አጥንት ላይ መጫን ልጁን እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። ይሄን እየለመንኳችሁ ነው የምለው።

ቤት ውስጥ እንዴት ነው የማየው?

ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ እጆቿን አጋጥማ ወደ ፊት ታጎንብስ። ከኋላዋ ዝቅ ብላችሁ ጀርባዋን እንደ ሜዳ እዩት። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ አንጓዎቹ ዞረዋል ማለት ነው። ዊልያም አዳምስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ያስተዋወቀው ነው፣ ዛሬም የሚበልጠው ቀላል ዘዴ አልተገኘም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ልብስ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ለአረፋ ወይም ለጥምቀት ቀሚስ ሲለኩ «የዚች ልጅ አንዱ ወገቧ ይገባል፣ ጠርዙ እኩል አልመጣልኝም» ይላሉ። እንዲህ ከተባላችሁ «ሰፊው አበላሸው» ብላችሁ አትለፉት። ልጅቷን አስጎንብሳችሁ እዩዋት።

ሐኪሙ ምን ያዛል? ምን ብዬ ልጠይቅ?

ቆማ የተነሳች የሙሉ ጀርባ ራጅ። ተኝታ የተነሳ ራጅ መጣመሙን አሳንሶ ያሳያል።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ። አንጓዎቹ ሙሉ ናቸው? ግማሽ ወይም የተጣበቀ አለ? ሽብልቅ የሆኑት ስንት ናቸው? ምን ያህል እድገት ይቀራታል? የመጨረሻውን ሐኪሙ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ያነባል፣ ሪሰር በሚባል ከ0 እስከ 5 ባለ መለኪያ። 0 ማለት ብዙ እድገት ይቀራል፣ 5 ማለት አልቋል።

ከውልደት የመጣ ከሆነ የኩላሊትና የልብ አልትራሳውንድ ይሠራላት። አንጓው፣ ኩላሊቱና ልቡ በአንድ ወቅት ስለሚቀረጹ ስህተቱ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ኩላሊት ብቻውን ከአምስቱ በአንዱ ልጅ ገደማ ላይ ችግር ይገኝበታል። ማንም ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ብሬስ ለሁሉም ይሠራል?

አይሠራም። እዚህ ላይ ነው ቅርጹ የሚወስነው። ብሬስ ጠንካራ የፕላስቲክ ድጋፍ ነው፣ ሥራውም ከወጣው ወገን እየገፋ በጎደጎደው ወገን ያለውን ጫና ማቅለል ነው። ያልደረቀ የጭቃ ጡብ ካላችሁ ይረዳል። ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ላላትና እድገት ለሚቀራት ልጅ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የታተመ ትልቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ላይ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨርሰዋል፣ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ። በአማካይ በቀን ከ13 ሰዓት ገደማ በላይ ያደረጉት ደግሞ ከ100 ውስጥ 90 እና ከዚያ በላይ ተሳክቶላቸዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እንዲደረግ የታዘዘን ብሬስ ለማታ ብቻ አድርጎ ቀን ማውለቅ ጥቅሙን ይቀንሰዋል።

ግማሽ አንጓ ወይም ድልድይ ላለበት ልጅ ግን ብሬስ ያንን ኩርባ አያቆመውም። የተሰነቀረውን ድንጋይ አያወጣውም። የጡንቻ ችግር ላለበት ደግሞ መቀመጥ እንዲችል ያግዘዋል፣ መባባሱን ግን ብዙ ጊዜ አያስቀረውም። ይሄን ሳያውቁ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ዓመታት ያባከኑ ወላጆች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

አጥንቱ ወደ ድሮ ቅርጹ ይመለሳል?

የደረቀ አይመለስም። በቀዶ ሕክምና አከርካሪው በብረት ዘንግና በብሎን ይቃናል፣ አንጓዎቹም እንዲጣበቁ ይደረጋል፣ ሽብልቅ የሆኑት ግን ሽብልቅ እንደሆኑ ናቸው። ግማሽ አንጓን ቆርጦ ማውጣትም ይቻላል። እዚያ ላይ በልጅነት መሠራቱ ጥቅም አለው፣ ከላይና ከታች ያሉት አንጓዎች ገና አልተበላሹም። ለጉርምስናው ዓይነት ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ምክንያቱም ከ50 ያለፈ እድገት ካቆመም በኋላ በዓመት ወደ 1 ዲግሪ ይጨምራል። ከ30 በታች ያለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለበት ይቆማል።

ከወሎ ሆነን የት እንሂድ?

መጀመሪያ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ። ከዚያ ሪፈር ይዛችሁ ደሴ ወይም ወልድያ ያለ ትልቅ ሆስፒታል፣ ራጁ እዚያ ይነሳል። የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለከባድ መጣመም ዶክተር ሪክ ሆድስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እኛ አገር ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፣ ቀዶ ሕክምናው እዚህ ሊሠራላቸው ያልቻሉ ብዙ ልጆችን ወደ ጋና ልከው አሳክመዋል።

ስትሄዱ የድሮ ራጆችን ሁሉ ያዙ። አንዱንም አታስቀሩ። ሐኪሙ የዛሬውን ከአምናው ጋር ካላስተያየ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ አያውቅም። ራጁን ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አጣጥፋችሁም አትያዙት። ፎቶም አንሱት በስልክ፣ መስኮት ላይ ለጥፋችሁ።

ታገባለች? ትወልዳለች?

ይሄን የሚጠይቁኝ አባቶች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ልጅቷ ከወጣች በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አዎ። የጉርምስናው ስኮሊዮሲስ ያለባት ሴት ታገባለች፣ ታረግዛለች፣ ብዙዎቹም በምጥ ይወልዳሉ። ወገቧ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ከሆነች ለአዋላጇና ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማ ትንገር፣ የጀርባ ማደንዘዣ መርፌው ቦታ ሊቸግር ስለሚችል። እና እባካችሁ ይሄን መልስ ለልጅቷም ንገሯት፣ በሩ ላይ ሆና ሰምታችኋለች።